ሲዲውን ይዤ የሮጥሁበት ማታ

አንባቢዬ ሆይ፤ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ቢሆኑ አንድ ፋይል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አንደኛው ለመውረድ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ያውቁታል። ተማሪም ቢሆኑ ከሬጅስትራር መስኮት ፊት ቆመው ሳይመሹ አልቀሩም። ፋይል ቢዘገይ ግን እንጀራ ይጓደል እንደ ሆነ እንጂ ሰው አይሞትም። ዛሬ የማጫውትዎ ስለ ሌላ ዓይነት መዘግየት ነው።

ማስተማር በጀመርሁበት በ2015 ዓ.ም.፥ በጥር ወር፥ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አክስቴ ወጥ ስታወጣ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ላንሣው ብትል ቀኝ እጇ እንቢ አለ፤ አንደበቷም ተሳሰረ። ለቤታችን ወደሚቀርበው ክሊኒክ ይዘናት በረርን። ክሊኒኩ በከተማው ውስጥ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት። የሲቲ ስካን መሣሪያው እኛ በሄድንበት ቅርንጫፍ ነበረ፤ የነርቭ ሐኪሙ ግን በከተማው ሌላ ጫፍ ባለው ቅርንጫፍ ተረኛ ነበረ። ፎቶው ተነሣ። ከዚያም በኮምፒዩተሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር እየተንፏቀቀች ስትሞላ ቆመን አየን። ሩብ ሳትደርስ ቆመች። እንደገና ተጀመረች፤ እንደገና ቆመች። በመጨረሻ ባለሙያው ምስሎቹን በሲዲ ቀድቶ ሰጠኝና «ወንድሜ፥ አንተ ብትሮጥ ይሻላል» አለኝ።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ብዬ ጠዋት ያስተማርሁት ሰው፥ ማታ በላዳ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ቀይ መብራት እቆጥር ነበር። የደረስሁት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቼ ነው።

ያ ሰዓት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። የደም ሥር ሲደፈን በሚመጣው ስትሮክ አንጎል በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚያጣ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ገምቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ የአንጎሉ ፎቶ መታየት አለበት፤ ሕመሙ የመጣው ደም ፈሶ ከሆነ ያው መድኃኒት ሊገድል ይችላልና። አክስቴ በሕይወት አለች፤ ትናገራለች፤ ትቀልዳለችም። ቀኝ እጇ ግን ዛሬም ስኒ አይዝም። ያ ሰዓት ባይባክን ኖሮ እጇ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። ሆኖም ቅሉ ሌሊት ሌሊት ማሰቤ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ወረቀት አንሥቼ አሰላሁት። አንድ የሲቲ ምስል በቁመት 512 በወርድ 512 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት ቢይዝ ምስሉ ግማሽ ሜጋባይት ይሆናል። 400 ምስል ቢነሣ 200 ሜጋባይት ነው፤ ይኸውም 1,600 ሜጋቢት። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ያውም ሳይቋረጥ፥ ገንዘብ ቤቱና መድኃኒት ቤቱ በዚያው መስመር ሳይሻሙ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ፋይበር 16 ሰከንድ ነው። 1,000 ቢሆን ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በዚያ ላይ ብዙው የድሮ የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት ለመቀበል ሰፊ፥ ለመላክ ጠባብ ነው፤ ክሊኒክ ደግሞ ላኪ ነው። (ይህን ስሌት ለክፍሌ ልጆች ፈተና ላይ አወጣሁት፤ ግማሾቹ ባይትንና ቢትን አምታቱ።)

ብርጭቆው ከልብ ከጠራ ብርሃን መልእክት ተሸክሞ ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም የጻፉት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ዣክ ማሬስኮ የተባለ ቀዶ ሐኪም ኒውዮርክ ተቀምጦ፥ በፋይበር መስመር በሚታዘዝ ማሽን፥ ስትራስቡርግ የተኛችን ሴት የሐሞት ከረጢት አወጣ። ይህ በእርግጥ ይደንቃል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ተራው ነገር ነው፤ አንድ ሐኪም ሳይነሣ የሦስት ቅርንጫፍ ፎቶ ማንበቡ፥ በአንዱ ቅርንጫፍ የተመረመረ ደም በሌላው መታየቱ፥ ፎቶው ጠፋ ተብሎ በሽተኛው ሁለተኛ ጨረርና ሁለተኛ ክፍያ አለመጠየቁ።

ባለፈው ወር አክስቴን ለክትትል ወሰድኋት። ክሊኒኩ ሦስቱን ቅርንጫፎች በፋይበር አገናኝቷል። የነርቭ ሐኪሙ ከወዲያኛው ቅርንጫፍ በመስታወቱ ላይ ብቅ ብሎ «እማማ፥ እስቲ እጅዎን ያንሡ» አላት። አሮጌውንና አዲሱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ አስረዳን። አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይኸ ሰውዬ ያን ጊዜስ የት ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስንወጣ ያንኑ ባለሙያ አገኘሁት። መንገድ ቆፋሪ መስመሩን የቆረጠ ዕለትስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። በሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ሁለተኛ መስመር እንደ ጠየቁ፥ ገና እንዳልተዘረጋላቸውም ነገረኝ።

«እስከዚያው ድረስ» አለኝ፤ «የሲዲ መቅጃውን አልጣልነውም።»