ውሃ ያነሣት፣ ውሃ የጣላት

የእንግሊዝ ባሕር ዳር ሲነሣ ብራይተንን የማይጠራ የለም። እኔን ግን የምትስበኝ ጎረቤቷ ዎርዚንግ ናት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1798 የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ልጅ አሚሊያ፣ ጉልበቷን ብትታመም፣ ብራይተን ላይ ከሚፈነጥዘው ወንድሟ እንድትርቅ ተብሎ ወደዚያ ተላከች። ልዕልት የረገጠችውን ባለጸጋው ይከተላል፤ በ1845 ደግሞ ባቡር ገባ።

በ1893 የመጠጥ ውሃው ተበከለና ታይፎይድ ወደ 200 ሰው ፈጀ። በውሃዋ ጤና ስትሸጥ የኖረች ከተማ! እንግዳው ሸሸ። ኦስካር ዋይልድ ግን በዓመቱ እዚያ ከርሞ ዝነኛ ኮሜዲውን ጻፈ፤ ባለታሪኩንም ጃክ ዎርዚንግ አለው።

በ1936 አገራቸው የተወረረችባቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከባሕሩ ፊት ለፊት በነበረው ዋርንስ ሆቴል አርፈው ነበር። ሌላው ሊዝናና በመጣበት ዳርቻ የተቀመጠ ስደተኛ ባሕሩን እንዴት ያየዋል? ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የባሕር ዳር ፎቶግራፍ ሲልክልን፣ እናቴ የምትመረምረው ውሃውን ሳይሆን ፊቱን ነው፤ ከሳ ወይስ አልከሳም?

ሆቴሉ በ1987 ተቃጠለ። ዛሬ በቦታው የመኖሪያ አፓርታማ ቆሟል።