ቁርጡ ላይ ያለው ቅላት

ቁርጥ ቤት ስንቀመጥ «ሥጋው ደሙ ገና አልደረቀም» ብሎ የሚያደንቅ አይጠፋም። ደሙ ግን በሬው ሲታረድ አብዛኛው ፈስሷል። ያ ቅላት በዋናነት የጡንቻው የራሱ ፕሮቲን፣ የማዮግሎቢን ነው። ሥጋው ውሎ ሲያድር ቡናማ የሚሆነውም በማዮግሎቢኑ ውስጥ ያለው ብረት አንድ ኤሌክትሮን ስለሚያጣ ነው። ከዚያ በኋላ ኦክስጅን አይዝም።

ይህን ቡናማነት ለዓመታት የብልሽት ምልክት ብቻ አድርጌ አየው ነበር። ትምህርት ቤት የያዝነው የደሙ ሄሞግሎቢን የኦክስጅን ተሸካሚ፣ የጡንቻው ማዮግሎቢን ደግሞ የኦክስጅን ጎተራ መሆናቸውን ነው፤ ፈተናውም ከዚያ አያልፍም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ማዮግሎቢን ጨርሶ ስለሌላቸው አይጦች ተጻፈ። ኖሩ፣ ሮጡ፣ ተዋለዱ። ጎተራው ቢጠፋም ቤቱ አልተራበም፤ ልባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮችን አብዝቶ ክፍተቱን ሸፍኗል። ጉድለታቸው ጎልቶ የታየው ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣ ጥናት ነው፦ ልባቸው ናይትሪክ ኦክሳይድን እንደ ሌሎቹ መቋቋም አልቻለም። ይህ ጋዝ በልኩ ሲሆን የደም ሥርን ያላላል፤ ሲበዛ ግን ሴሉ በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ማዮግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን ከጋዙ ጋር አዋህዶ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ አደጋውም ያልፋል። ሥራውን ሲጨርስ ብረቱ የሚገኘው በዚያው በቡናማው መልክ ነው! በሕያው ልብ ውስጥ ሌላ ኢንዛይም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ እንደገናም ይሠራል። በታረደው በሬ ጡንቻ ውስጥ ግን መላሹ እየደከመ ይሄዳል።

ሄሞግሎቢን ደግሞ ኦክስጅኑን አስረክቦ ባዶውን ሲመለስ ናይትራይት ካገኘ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ያንኑ ጋዝ ይሠራል። ይህ ኦክስጅን ባጠረበት ቦታ የደም ሥር እንዲሰፋ ምን ያህል ያግዛል የሚለው ሳይንቲስቶችን ያከራክራል፤ አጠገቡ ያለው ሌላ ሄሞግሎቢን ጋዙን ከቀይ የደም ሴሉ ሳይወጣ ሊይዘው ይችላልና። እኔ ይህን ክርክር ስከታተል አልሰለችም።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ግን ሁለቱ ፕሮቲኖች እንደ ኢንዛይም በሚሠሩበት ባሕርይ በየቀኑ ይጠቀማሉ። ሽንት ውስጥ የምትነከረው ቀጭን መመርመሪያ ደምን የምትለየው በቅላቱ አይደለም፤ ሄሞግሎቢን እንደ ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም ሆኖ በላይዋ ያለውን ኬሚካል ቀለም ስለሚያስለውጥ ነው። ማዮግሎቢንም ያንኑ ያደርጋል። ፍርስራሽ ተጭኖት ጡንቻው የደቀቀ ሰው ሽንት ሲመረመር መመርመሪያዋ «ደም አለ» ትላለች፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ የደም ሴል ላይገኝ ይችላል።