አሮጌው ካሜራዬ

አንባቢ ሆይ፣ አሮጌ ዕቃ ይለወጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ በገዛ እጅህ ዕቃ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቅ ይሆን? እኔ በሐዲያ ምድር፣ በሞርሲቶ ከተማ ፎቶግራፍ የማነሣበት ካሜራ ዜኒት ኢ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ይሠራ የነበረ ዓይነት ነው። የብርሃን መለኪያው ሴሌኒየም ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ራሱ ያመነጫል፤ ባትሪ አይጠይቅም። መብራት ጠፋ አልጠፋ ምን ገዶት!

ይሁን እንጂ አንዱ ፊልም 36 ምስል ብቻ ይይዛል፤ ሲያልቅም የሚያጥብልኝ ባለሙያ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። በእንሰት ማሳቸው ውስጥ ያነሣኋቸው አንዲት አሮጊት ፎቶግራፋቸው ታትሞ ሳይመለስ ዐረፉ። ልጆቻቸው ምስሉን የተቀበሉት ከቀብር በኋላ ነው።

ታዲያ ዜኒቱን ልሽጠው? አንተስ ብትሆን ትሸጠው ነበር? ሌንሱ፣ ሄሊዮስ የተባለው፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተጠመዘዘ የሚታሰር ሲሆን፣ በመካከል የብረት ቀለበት ቢገባ በብዙ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ይገጠማል። የምስሉን ጥራት በእጅ እያዞሩ ማስተካከል ግድ ነው፤ እርሱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ገንዘብ የማጠራቅመው ለካሜራው አካል ብቻ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ይበቃኛል።

በዜኒቱ ውስጥ ግን ገና 11 ምስል የቀረው ፊልም አለ፤ እርሱን ሳልጨርስ ሌንሱን አልፈታም።