ነጩ ዓሣ ሽቅብ ሲወጣ

የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ከአዲስ አበባ አንበሳሜ መጣና አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ «አባባ፣ ዓሣ እንያዝ!»

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ሐሙሲት ደረስን። ከዚያ በአቧራማው መንገድ ወደ ጣና ዳር፣ ወደ ቆራጣ ወረድን። ጥር ላይ ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስተዋት ነው። ነፋሱ ሳይነሣ አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ጥቂት ወሰደን። የመኪና ጡሩምባ የለ፣ ስልክ የለ፤ የሚሰማው የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ነው።

ልጁ መንጠቆው ላይ ትል ሰክቶ ጣለ። ብዙ ጠበቀ። እንዲህ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ ገመዱ ተወጠረና አንድ ነጭ ዓሣ ወጣ።

«ይህ ዓሣ» አልኩት፣ «ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ከ10 የሚበልጡት ዓይነቶች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃና ጠጠር ያለበት ቦታ ነው።»

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ብርብራ ወቅጠን ወንዝ ውስጥ በተንን። ዓሣው ሁሉ ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ትልልቁን ለቅመን ትንንሹን እዚያው ጣልነው። እናቴ አንዷን ስትሰነጥቅ ሆዷ በእንቁላል ተሞልቷል። አልተቆጣችኝም። «ልትወልድ ስትሄድ ነው የያዝካት» ብቻ አለች። ያን ቀን ዓሣውን አልበላሁም።

«ለምን አደረጋችሁት?» አለኝ።

«የማያልቅ መስሎን።»

ዓሣ አጥማጁ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ዛሬም በክረምት ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ እንዳለ፣ ነጩ ዓሣም እንደ ድሮው እንደማይገኝ ነገረን። መንገድ ላይ የተያዘ ዓሣ የከርሞውንም ይዞ ይሞታል።

ልጁ ቀጥሎ ትንሽ ዓሣ ያዘ። ማንም ሳያዘው በእርጥብ እጁ ከመንጠቆው አላቅቆ ወደ ውኃው መለሰው።

እናንተም ልጆቻችሁን ወደ ውኃ ዳር ውሰዷቸው። ስለ ዓሣው የምታውቁትን ንገሯቸው፤ ያጠፋችሁትንም አትደብቋቸው። እኔ የእናቴን ቃል ለማድረስ 50 ዓመት ዘግይቻለሁ።