ጫማና ማዕረግ በር ላይ

በህንድ፣ ፑንጃብ፣ አምሪትሳር ወዳለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ራሱን ይሸፍናል። ነጠላ ለለመደች የእኛ አገር ሴት ይህ ምኗም አይደል! ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ባርኔጣውን ማውለቅ የለመደው ወንድ ግን እዚህ ሻሽ ሲያስሩለት ትንሽ ግር ይለዋል።

ደረጃውም ሌላ ጉድ ነው። እኛ ደብር ለመሳለም ሽቅብ መውጣት ለምደናል፤ እዚያ ቁልቁል ይወረዳል። የቱንም ያህል ትልቅ ሰው ብትሆን ዝቅ ሳትል አትደርስም። በሮቹ ደግሞ በአራቱም አቅጣጫ ክፍት ናቸው፦ ከየትም ና፣ ማንም ሁን፣ ግባ ነው ነገሩ።

መቅደሱ የሲኮች ነው፣ በኩሬ መካከል ይገኛል፤ አምስተኛው ጉሩ (መንፈሳዊ መሪ) አርጃን በ1604 እ.ኤ.አ. የሲኮችን ቅዱስ መጽሐፍ አኖሩበት። ወርቁ የመጣው ቆይቶ ነው፤ መሐራጃ (ንጉሥ) ራንጂት ሲንግ በ19ኛው መቶ ዘመን አስለበጡት።

ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው ወርቁን ነው። እኔ ግን ወደ ላንጋሩ፣ ወደ ነጻው ማዕድ፣ ሂዱ እላለሁ። ሀብታምና ደሃ መሬት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሮቲ የሚባለው ቂጣ ሲታደል በሁለት እጅ ዘርግተህ ትቀበላለህ፤ ምስር ወጡ ከባልዲ በጭልፋ ይጨለፍልሃል። ወጣ ስትል ነጋዴው፣ ተማሪው፣ አዛውንቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው የብረት ሰሃን ያጥባሉ፤ ኳኳታው ጆሮ አያሰማም። ደመወዝ የለ፣ አዛዥ የለ።

ወርቅስ በንጉሥ ገንዘብ ይለበጣል። የማያውቀውን ሰው ሰሃን በየቀኑ ደስ ብሎት የሚያጥብን ሰው ግን የትኛው ንጉሥ ይገዛል?