ውጅግራን ማደስ

ውጅግራን በስም የማያውቅ ተማሪ አይገኝም፤ በእጁ ይዞ የመረመረው ግን ጥቂት ነው። ስሙ የተወረሰው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ሲሆን፣ ግራ ማለት መሣሪያውን የነደፈው የጦር መኮንን ስም ነው። ለፈረንሳይ ጦር የተሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ነበር። አንድ ጎራሽ ነው፤ ይኸውም አንዱን ተኩሰው፣ ቀለሁን አውጥተው፣ ሌላ ጥይት በእጅ ካላጎረሱት አይተኩስም። ፈረንሳዮች በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ሲያወጡ አሮጌው ወደ ገበያ ወረደ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ብዙው ወደ አገራችን ገባ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነው።

ከነዚህም አንዱ ሰቆጣ፣ ከአያታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። በክረምቱ ዕረፍት እኛ የአጎትና የአክስት ልጆች ተሰብስበን ልናድሰው ተነሣን። ከሁሉ በፊት መዝጊያውን ስበን ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋገጥን፤ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ የገደለው ሰው ብዙ ነውና።

ከመካከላችን አንዱ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ቀረበ። እንደ መስተዋት ላብራው አለ። ሌሎቻችን ከለከልነው። በላምባ የራሰ ጨርቅ ጠቅልለን አሳደርነውና በማግሥቱ ዝገቱን በቀስታ ጠረግነው። ያን ጊዜ ከብረቱ ጎን ጽሕፈት ብቅ አለ፤ ሴንት ኤትየን የሚለው የፋብሪካው አገርና 1874 የሚለው ዓመት ተነበበ። ብርጭቆ ወረቀቱ ቢያርፍበት ኖሮ ከዝገቱ ጋራ ይህም ይጠፋ ነበር። ለእንጨቱ የተልባ ዘይትና ሰም ቀባነው፤ የማር አገር ነውና ሰም አልቸገረንም።

አያታችን ዳር ተቀምጠው ሲመለከቱ ቆዩና «እንግዲህ ይተኩሳል?» ብለው ጠየቁን። መልሱ ከባድ ነበር። የዱሮው ጥቁር ባሩድ አመዱ እርጥበት ይስባል፤ ከተኩስ በኋላ በፈላ ውኃ ታጥቦ ዘይት ካልተቀባ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። የዚህም ውስጡ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ቢተኮስበት ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ይህንኑ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ከሆነስ ይረፍ፤ እሱም ደክሞታል» አሉ።

ከሰደፉ አንገት ላይ የደረቀ ጠፍር ተጠምጥሟል። ፈትተን በማጣበቂያ እንጠግነው ስንል ግን ተቆጡ። ጠፍሩን የጠመጠሙት አባታቸው ናቸው፤ ጊዜውም የጠላት ወረራ ዘመን ነው። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ተገድለው፣ አንገታቸው ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ የታየበት ያ ዘመን ማለት ነው። «ተኩሰህ እዚያው አትቀመጥ፣ ጭሱ ያሳብቅብሃል» እያሉ አባታቸው ይነግሯቸው እንደ ነበር ያን ዕለት አወጉን። አንዲት ጥይት ተኩሶ፣ በጭሱ ታይቶ፣ እየሮጡ ሌላ ማጉረስ! ይህን ወሬ ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም። ጠፍሩን ፈትተን ጥለን ቢሆን ወሬውም አብሮ በተጣለ ነበር።

ስለዚህ ጠፍሩም የተበላው ብረትም እንዳሉ ቀሩ። የሚተኩስ ጠመንጃስ ለሰቆጣ መቼ አነሳት? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ከደጇ ገብቶ ያየች ከተማ ናት። የሚያንሳት የሚያወጋ ጠመንጃ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ለዕረፍት አገር ስትገቡ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አውርዱ። ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዝገቱን በላምባ ጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀቱን ግን ለበርና ለመስኮት ተዉት። በምትኩ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ባለቤቱ ሽማግሌ በሕይወት ካሉ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው። ብረቱ ይቆያል፤ እሳቸው ግን እስከሚመጣው ክረምት መቆየታቸውን ማን ያውቃል?