ያልጎደለው 30 ብር

ልጆቻችን ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው ስናያቸው «ምን እያዩ ይሆን?» ብለን እንሠጋለን። «ምን እየሠሩ ይሆን?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

መርሳ በሚገኘው ቤታችን የወንድማችን ልጅ ከመግሪብ በኋላ ፓይዘን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጨዋታ ይጽፋል። ጨዋታው ሥዕልም ድምፅም የለውም፤ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ ነው። የዚህን ዓይነት ጨዋታ ቀድመው ከሠሩት አንዱ አሜሪካዊው ዊል ክራውዘር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በእግሩ ያሰሰውን የኬንታኪ ዋሻ ለሴቶች ልጆቹ መጫወቻ አደረገላቸው። የእኛው ልጅም የሚያውቀውን መንገድ ጻፈ። መንገደኛው 100 ብር ይዞ ከመርሳ ይነሳል፤ ገበያ ገብቶ በ30 ብር ማንጎ ይገዛል፤ ከዚያም በሲሪንቃ አልፎ ወልድያ ይገባል። ፓይዘን 3 የእኛን ፊደል ለስያሜ ስለሚቀበል የገንዘቡን መያዣ «ብር» አለው።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ገበያው ውስጥ «ብር = 70» ብሎ ጻፈ፤ መንገደኛው ወልድያ ሲደርስ ግን ገንዘቡ 100 ሆኖ ተገኘ! «ብር = ብር - 30» ብሎ ቢለውጠው ደግሞ ፕሮግራሙ «አንባውንድ ሎካል ኤረር» ብሎ ቀጥ አለ። ልጁ ሦስት ምሽት ታገለና «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ሊተወው ተነሳ። አብረን ተቀምጠን መስመር በመስመር አነበብነው።

ለመሆኑ በሀብሩ ሙሐመድ የሌለበት መንደር የት ይገኛል? እናት ከቤቷ ሆና «ሙሐመድ!» ብትል አቤት የሚላት የራሷ ልጅ ነው። ፓይዘንም እንዲሁ ነው። «ገበያ» የተባለው ፈንክሽን ራሱን የቻለ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ ለ«ብር» ዋጋ ከተሰጠው፣ ያ «ብር» የዚያ ቤት ልጅ ይሆናል፤ ውጭ ያለው ሞክሼው አይነካም። «ከብር ላይ 30 ቀንስ» ሲባል ደግሞ የቤቱ «ብር» ገና ባዶ ነውና ከምን ላይ ይቀነስ?

«ግሎባል» የሚለው ቃል የውጭውን ብር ከውስጥ ለመለወጥ ያስችላል። ነገር ግን ጨዋታው ሲያድግና ከየቤቱ እጁን የሚሰድ ሲበዛ፣ ማን እንደቀነሰ ማወቅ ይቸግራል። የሚሻለው ልጅን ሱቅ ስንልክ የምናደርገው ነው፤ ብሩን እንሰጠዋለን፤ መልሱን ያመጣል። ፈንክሽኑም ብሩን በቅንፉ ይቀበል፤ ቀንሶም መልሱን በ«ሪተርን» ያውጣ። የላከውም «ብር = ገበያ(ብር)» ብሎ ይረከበው። የሚረከብ ከሌለ መልሱ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ወላጆች ሆይ! ፓይዘንን ማወቅ ግድ አይደለም። ልጅዎ ተስፋ ቆርጦ ሲነሳ ከጎኑ ቁጭ ይበሉና ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ «ይህ ስም የየትኛው ቤት ነው? መልሱንስ ማን ተረከበ?»